ልጄ እሁድ ሰልፍ እወጣለሁ አለች፤ የዜግነት ፎርሟስ?

የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት፦
ሰላም ለዚህ ቤት። እሁድ ነሐሴ 6 ቀን 2010 እነዚያ የነጭ የበላይነት ሰባኪዎች ዋይት ሀውስ ፊት ላፋየት ፓርክ ሊሰለፉ ነው። የ19 ዓመቷ ልጄ እነሱን ለመቃወም ከጓደኞቿ ጋር ካርቶን ላይ ስትጽፍ አምሽታ ምንጣፌን በማርከር አበላሽታዋለች። የዜግነት ማመልከቻዋን ያስገባነው በሰኔ ነው። ፖሊስ አፍሶ ቢወስዳት ምን ይውጠናል?

ጋሽ ታክሲ፦
እህቴ፣ ሰልፍ ወንጀል አይደለም። ግሪን ካርድ ያለውም መናገር መብቱ ነው። ለነዚያስ በምን ተፈቀደላቸው? ፓርኩ የፌዴራል ነው፤ የዲሲ ከንቲባ ባውዘር ብታወግዛቸውም መከልከል አትችልም። ድሮ ኢሊኖይ ውስጥ ስኮኪ ላይ ናዚዎች እንሰለፍ ሲሉ...

የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት፦
ጋሼ፣ ኢሊኖይን ይተዉትና ፎርሙስ?

ጋሽ ታክሲ፦
እየመጣሁልሽ ነው። የዜግነቱ ፎርም፣ ኤን-400፣ «ተይዘህ ታውቃለህ?» ብሎ ይጠይቃል። በሰዓቱ ቢለቋትም «አዎ» ማለት አለባት። የሚጎዳው መደበቁ ነው።

አርሊንግተን፦
አትሂድ! አምና ቨርጂኒያ፣ ቻርሎትስቪል ውስጥ እነሱን ስትቃወም የነበረችውን ሔዘር ሄየርን በመኪና የገደሏት ሰልፍ ላይ ነው። የቨርጂኒያው ገዥ ማኮሊፍ «ወደ ቤታችሁ ሂዱ» አላቸው፣ ትራምፕ «በሁለቱም ወገን ጥሩ ሰዎች አሉ» አለ፤ ልጅቱ ግን ተቀበረች። ዘንድሮ ደግሞ አዲሱ ገዥ ኖርታም ገና ሳይሰለፉ አስቸኳይ ጊዜ አወጀ። አስቸኳይ ጊዜ ሸሽተን መጥተን አስቸኳይ ጊዜ! እኛ ሠርተን ለእናቶቻችን መላክ ነው ያለብን።

የፖርትላንዱ፦
ኢትዮጵያዊው ሙሉጌታ ሥራውስ የትኛው ሰልፍ ላይ ነበር? በፈረንጆቹ 1988 ኅዳር ላይ እዚህ ፖርትላንድ፣ ቤቱ ደጃፍ ላይ ነው ስኪንሄዶች፣ እነዚያ ራሳቸውን የተላጩ ዘረኛ ነጮች፣ በቤዝቦል ዱላ የጨረሱት። ከሁለት ዓመት በኋላ ፍርድ ቤት፣ ካሊፎርኒያ ሆኖ ያነሳሳቸውን የዘረኞች መሪ ቶም ሜትዝገርንም ጨምሮ 12.5 ሚሊዮን ዶላር ፈረደባቸው። አንገት ደፍቶ መኖር አላዳነውም።

አርሊንግተን፦
አንተ ሩቅ ሆነህ የሰው ልጅ አታስጨርስ።

ቨርጂኒያ ነኝ፦
እኔን እሁድ ፓርኪንጉ ውስጥ ደብል ሺፍት አስገብተውኛል። ፍልሰታ ደግሞ እዚህ አገር አይነጋም። አገሬ ብሆን ዝናቡ ጣሪያውን እየደበደበው፣ ቅዳሴ ወጥቼ እናቴ ጋ ሽሮ... ይቅር። ዐቢይ ለአገር ቤት በቀን 1 ዶላር አዋጡ ያለው ተጀመረ እንዴ?

የፖርትላንዱ፦
@አርሊንግተን፣ ዐቢይ ዲሲ ሲመጣ ኮንቬንሽን ሴንተሩን ስትሞሉት ሰልፍ አልፈራህም። ላንተ ቆዳ ሲሆን ነው የሚያስፈራህ?

አርሊንግተን፦
እሱ አቀባበል ነው! ምን አገናኘው?

ጋሽ ታክሲ፦
ተዉ እንጂ ልጆች፣ ጾም ነው። እህቴ፣ ባቡር እንዳትይዝ፤ እነዚያም በሜትሮ ነው የሚመጡት አሉ። ቅዳሴ ስወጣ እኔ አደርሳታለሁ። ዳር ዳሩን ትቁም፣ ፖሊስ «ተበተኑ» ሲል ትበተን።

የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ። ሳያስሯት ወረቀት ብቻ ጽፈው ቢለቋትስ? እሱም ይሞላል?

አርሊንግተን፦
@የፖርትላንዱ፣ «ቆዳ» ያልከኝን መጀመሪያ አንሳ!