ራሱን የሚያራግፍ የሐይቅ ጭነት መርከብ

ጥያቄ፦
በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ላይ የብረት ማዕድን፣ የድንጋይ ከሰልና የኖራ ድንጋይ የሚያመላልሱት መርከቦች አብዛኞቹ የወደብ ክሬን ሳይጠብቁ ጭነታቸውን ራሳቸው ያራግፋሉ። ውቅያኖስ የሚያቋርጡት ግን በብዛት ይህ መሣሪያ የላቸውም። ጥቅሙ ያን ያህል ከሆነ በሁሉም ላይ ያልተገጠመው ለምንድን ነው?

መልስ 1፦
ከመርከቡ ሆድ ልጀምር። የጭነት ክፍሉ ግድግዳዎች ወደ ታች እየጠበቡ ይወርዳሉ፤ ከሥራቸው ደግሞ በክፍሎቹ ርዝመት ልክ ማጓጓዣ ቀበቶ ተዘርግቷል። ሠራተኛው የሥሩን በሮች በተራ ሲከፍት ማዕድኑ በራሱ ክብደት ቀበቶው ላይ ይወርዳል፤ ከዚያም ወደ መርከቡ ወለል ወጥቶ፣ 75 ሜትር ገደማ በሚረዝምና ግራና ቀኝ በሚዞር ክንድ በኩል የብስ ላይ ይከመራል። ትልልቆቹ በሰዓት እስከ 10,000 ቶን ስለሚያራግፉ፣ 60,000 ቶን የጫነው በአሥር ሰዓት ውስጥ ባዶውን ሊቀር ይችላል። ሆኖም የግድግዳው ተዳፋት የጭነት ቦታ ይሻማል፤ መሣሪያውም ክብደትና የማያባራ ጥገና አለው። ሳምንታት ለሚጓዝ የውቅያኖስ መርከብ ይህ ኪሳራ ነው፤ በየጥቂት ቀኑ ለሚያራግፍ የሐይቅ መርከብ ግን ወደብ ላይ የሚተርፈው ጊዜ ያካክሰዋል።

መልስ 2፦
በዚህ ብስማማም፣ የጭነቱ ጠባይ መረሳት የለበትም። ለዚሁ ሥራ ታስቦ የተሠራው ዋያንዶት የተባለው መርከብ እ.ኤ.አ. በ1908 ሥራ ቢጀምርም፣ የማዕድን መርከቦች በብዛት ወደዚህ አሠራር የዞሩት ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ነው። ጥሬው ማዕድን እርጥብና ተጣባቂ ስለነበር የሥሩን በሮች ይደፍናል፤ ዱቄቱ ተድቦልቡሎና ተጋግሮ እንደ ብይ የሚንከባለለው ታኮናይት ግን ያለ ችግር ይወርዳል። የብስ ላይ ተተክለው ማዕድኑን ከመርከብ እየዛቁ ያወጡ የነበሩት የክሌቭላንድ ወደብ ግዙፍ የሂውሌት ማራገፊያዎችም እ.ኤ.አ. በ1992 ሥራ አቆሙ። የኖራ ድንጋይ ተቀባዩ ዘንድ ደግሞ ብዙ ጊዜ መርከብ የሚታሰርበት ዳርቻና ባዶ ሜዳ ካለ ይበቃል።

መልስ 3፦
አንድ እርማት ልጨምር። «ራሱን የሚያራግፍ» ማለት የትም ያራግፋል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1972 ሥራ የጀመረውና 305 ሜትር የሚረዝመው ስቱዋርት ጄ. ኮርት፣ በዚያ ርዝመት የመጀመሪያው ቢሆንም፣ ያለው ረጅም ክንድ ሳይሆን ከኋላው ወደ ጎን የሚወጣ አጭር ማራገፊያ ነው። ስለዚህ የብስ ላይ መቀበያ የተተከለለት ወደብ ያስፈልገዋል። ኢሪ ሐይቅን ከኦንታሪዮ ሐይቅ የሚያገናኘው ዌላንድ ቦይም እስከ 225 ሜትር ገደማ የሚረዝሙትን ብቻ ስለሚያሳልፍ፣ እንዲህ ያለው መርከብ ከኢሪ ሐይቅ አልፎ ወደ ባሕር መውረድ አይችልም። የተወሰኑ ወደቦችን ብቻ ለሚያመላልስ መርከብ ግን አጭሩ ማራገፊያም አልከፋም።