ኦፕሽናል ኤሴ፦ ስለ አባቴ ልጻፍ ወይስ ስለ አሞራ ገደል?

የሐይቅ ዳሯ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ነኝ፣ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል። አሜሪካ ላለ አንድ ኮሌጅ በኮመን አፕ (ለብዙ ኮሌጆች በአንድ ቅጽ የሚመለከትበት ድረ ገጽ) እያመለከትኩ ነው። ዋናውን ባለ 650 ቃል ኤሴ ስለ ሒሳብ ጽፌ ጨርሻለሁ። ያስጨነቀኝ ኮሌጁ በራሱ የጨመረው፣ ኦፕሽናል የሚለው ነው። 250 ቃል፣ ከሁለት አንዱን ምረጡ ይላል፤ ወይ ያለፋችሁበትን ችግር፣ ወይ ያሳደጋችሁን ማኅበረሰብ።

አባቴ ሁለት ዓመት ታሞ ተኝቶ ነው ያረፈው። ያማከርኩት ሰው ሁሉ "እሱን ጻፊ፣ ስኮላርሺፕ የሚያሰጥሽ እሱ ነው" ይለኛል። ሦስት ጊዜ ጀመርኩት። በሦስተኛው አባቴን ሳይሆን አንድ የማላውቀውን በሽተኛ የጻፍኩ መሰለኝ።

ሌላው አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው ዓሣ ገበያ ነው። እናቴ እዚያ የዓሣ ሾርባ ትሸጣለች፣ እኔም ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ጠዋት ጠዋት አብሬያት እወርዳለሁ። ግን ዓሣ ገበያ ለኮሌጅ ይጻፋል? ወይስ ኦፕሽናል ነው ብዬ ልተወው? ዴድላይኑ ታኅሣሥ 23 ነው።

መምህር ከአዳማ፦
ልጄ፣ አባትሽን ነፍስ ይማር። አትተዪው። ስኮላርሺፕ የምትጠይቅ ልጅ ራሷን የምታሳይበትን 250 ቃል ባዶ አድርጋ መላክ የለባትም።

ታቦር ሥር፦
ነፍስ ይማር እህቴ። እኔም የሐዋሳ ልጅ ነኝ። ከሦስት ዓመት በፊት እንዳንቺው ሁለት ጥያቄ መሃል ቆሜ ከባዱን መረጥኩ፤ የአያቴን ሞት ጻፍኩ። ከላክሁት በኋላ ሳነበው ስለ እሷ ያለው "በጣም ትወደኝ ነበር" የሚል ብቻ ነው። ቡና ስትቆላ ጭሱን በነጠላዋ ጫፍ ወደ እኔ የምትገፋው ነገር የለም። አያቴን አሳነስኳት፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

ደግሞ ልብ በይ፤ ኮመን አፕ ላይ ተጨማሪ መረጃ የሚባል ክፍል አለ። የአባትሽን ሕመም እዚያ በአራት ዐረፍተ ነገር አስቀምጪው፦ መቼ ታመመ፣ ስንት ቀን ከትምህርት ቀረሽ፣ ውጤትሽ የትኛው ሴሚስተር ላይ ወረደ። ትራንስክሪፕትሽን የሚያየው ሰው ማወቅ ያለበት ያንን ነው። ኤሴው ከዚያ ሸክም ይገላገላል።

ስለ አሞራ ገደል ስትጽፊ ግን "ማኅበረሰቤ ታታሪ ነው" ብለሽ እንዳትጀምሪ። ጀልባዎቹ ሲደርሱ እናትሽ ቆሮሶውን፣ ዓሣውን፣ የምትገዛው ከማን ነው? በእጅ በእጅ ነው በዱቤ? ሒሳቡን ማን ይይዛል?

የሐይቅ ዳሯ፦
ሒሳቡን የምይዘው እኔ ነኝ! የዱቤ ደብተር አለን። የዓሣ ቅርፊት ገጹ ላይ ይደርቅና ቁጥሩን ይሸፍነዋል፣ በጥፍሬ ፍቄ ነው የማነበው። ትናንት ማታ ከዚያ ተነስቼ ጻፍኩ። እናቴ የምትቀመጥበት በርጩማም ገባ። አባቴ ነው የሠራው፣ አንድ እግሩ አጭር ነው፣ አሸዋው ውስጥ ጫን ስታደርገው ይስተካከላል። ስለ አባቴ ያልኩት ይኼው ነው።

287 ቃል ሆነብኝ። አባ ኮዳዎቹ፣ ትልልቆቹ ወፎች፣ የዓሣ አንጀት የሚሻሙበትን ላውጣ?

ታቦር ሥር፦
አውጪው። አባ ኮዳን ሐዋሳ የመጣ ሁሉ ፎቶ ያነሳዋል። በርጩማውን እንዳትነኪው።