ልጆቹ ግማሹን ጊዜ እኔ ዘንድ ከሆኑ ቀለብ መቁረጤ ይቀራል?

ጥያቄ (ከዚራ፣ ድሬዳዋ)፦
ከቀድሞ ባለቤቴ ጋር በስምምነት ስንፋታ ሁለቱ ልጆቻችን ከእናታቸው ጋር እንዲኖሩ፣ እኔም በየወሩ 4,000 ብር ቀለብ እንድቆርጥ ተስማምተን ፍርድ ቤቱ አጽድቆልናል። ከመስከረም ወዲህ ግን በቃል ተነጋግረን፣ ልጆቹ አንድ ሳምንት እኔ ዘንድ፣ አንድ ሳምንት እናታቸው ዘንድ ያድራሉ። እኔ የመንግሥት ደመወዝተኛ ነኝ፤ እርሷ መጋላ አነስተኛ የልብስ ሱቅ አላት። ጊዜውን እኩል ከተካፈልን ቀለቡን ማቋረጥ እችላለሁን?

መልስ (የሕግ ባለሙያ)፦
ወንድሜ፣ በራስዎ ውሳኔ እንዳያቋርጡ። ፍርድ ቤት ያጸደቀው ስምምነት እንደ ፍርድ ስለሚፈጸም፣ በሌላ ትእዛዝ እስካልተለወጠ ድረስ እናትየዋ የአፈጻጸም መዝገብ አስከፍተው ገንዘቡ ከደመወዝዎ ላይ እንዲቆረጥ ማሳዘዝ ይችላሉ። ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ቀለብን የሚወስነው በአዳር ቆጠራ ሳይሆን የተቀባዩን ፍላጎትና የሰጪውን አቅም በማመዛዘን ነው፤ ከደመወዝ ይህን ያህል በመቶ ይከፈል የሚል ቀመርም የለውም። ቀለብ ሲባል ደግሞ ምግብ ብቻ ሳይሆን መጠለያን፣ ልብስን፣ ሕክምናንና ትምህርትን ይጨምራል። ሁኔታው ሲለወጥ መጠኑ እንዲሻሻል ማመልከት የሁለታችሁም መብት ነው። የአዳሩ እኩል መሆን ይጠቅምዎታል፤ ሆኖም ገቢዎ ከእርሳቸው ገቢ የሚበልጥ ከሆነ ቀለቡ ይቀነስ ይሆናል እንጂ ጨርሶ ይቀራል ብዬ አልገምትም።

መልስ (እናት፣ ሳቢያን)፦
ልጆች ሁለት ቤት ስላደሩ የአንዱ ቤት ወጪ በግማሽ አይወርድም። የቤት ኪራዩ ያው ነው፤ የትምህርት ቤት ክፍያውም፣ የባጃጅ ኮንትራቱም ልጁ የትም ይደር የወሩ ሙሉ ይከፈላል። እኛ የትምህርት ቤቱንና የባጃጁን አባትየው በቀጥታ እንዲከፍል፣ የቀረውን በቴሌብር እንዲልክ ተስማምተናል፤ ሲልክም ምክንያቱ ላይ «የኅዳር ቀለብ» ብሎ ይጽፋል። የሚገርመው፣ ትልቁ ወጪ ሳይሆን የጫማና የደብተር ነገር ነው የሚያነታርከን፤ ስለዚህ ማን ምን እንደሚገዛ አስቀድማችሁ ጻፉት።

መልስ (ከሐረር)፦
እዚህ የሐረሪ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ ስላለው፣ ከእኛ የሰሙትን ሁሉ ድሬዳዋ ላይ እንዳለ አይውሰዱት። ሁለታችሁም ፈቅዳችሁ ከሆነ ጉዳዩን ሸሪዓ ፍርድ ቤት ማቅረብ ይቻላል፤ አንዳችሁ ካልፈቀዳችሁ ግን አይሆንም።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ። ሳንከራከር በስምምነት ማስተካከል እንችላለን?

መልስ (የሕግ ባለሙያው)፦
ይቻላል፤ የምመክረውም እርሱን ነው። አዳሩን፣ የበዓልና የክረምት ጊዜውን፣ እያንዳንዳችሁ የምትሸፍኑትን ወጪ በጽሑፍ አስፍራችሁና ፈርማችሁ፣ ፍቺው ለተወሰነበት ችሎት እንዲያጸድቀው አቅርቡ። ችሎቱ ልጆቹን የሚጎዳ ሆኖ ካገኘው ላያጸድቀው ይችላል። የቀድሞውን ውሳኔ ግልባጭ፣ የልጆቹን የልደት ምስክር ወረቀት፣ የደመወዝ መግለጫዎንና የትምህርት ቤት ደረሰኞችን አያይዙ፤ አዲሱ ትእዛዝ እስኪሰጥ ድረስም የተወሰነውን 4,000 ብር ይክፈሉ።