ዶልፊኖች ድንበር ያስከብራሉ?

ጥያቄ፦ የፒያሳው አንባቢ
ጤና ይስጥልኝ። በምኖርበት በፒያሳ ሲመሽ የአንዱ ቅያስ ውሾች የሌላውን ቅያስ ውሻ ተጋግዘው እስከ አስፋልቱ ድረስ ያባርራሉ። ልጄ ዶልፊኖች ሲጣሉ በቪዲዮ አይታ «እነሱም ሰፈር አላቸው ወይ?» ብላ ጠይቃኛለች። በባሕር ውስጥ ድንበር ለይተው የሚጠብቁ ከሆነ በምን ያውቁታል? ጠቡስ ከምን ይነሣል?

መልስ፦ የባዮሎጂ መምህር፣ አራት ኪሎ
የልጅዎ ጥያቄ ጥሩ ጥያቄ ነው። መዋያ እንስሳው ምግብ እየፈለገ ዘወትር የሚመላለስበት ስፍራ ሲሆን፣ ግዛት የሚባለው ግን ሌላው እንዳይገባበት የሚከላከለው ነው። የባሌው ቀይ ቀበሮ ግዛት አለው፤ መንጋው ማለዳና ማምሻ ላይ ዳርቻውን እየዞረ በሽንቱ ምልክት ያደርጋል፣ የጎረቤት መንጋ ሲያጋጥመውም ያባርራል። በቅርበት የተጠኑት የባሕር ጠረፍ ዶልፊኖች ግን በአመዛኙ ያላቸው መዋያ ብቻ ነው። በፍሎሪዳ፣ ሳራሶታ በተባለው የባሕር ወሽመጥ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ክትትል ሲደረግ፣ ዶልፊኖቹ ከእናት ወደ ልጅ ትውልድ እየተተካ እዚያው ሲኖሩ ታይቷል፤ ሆኖም መዋያቸው ከጎረቤቶቻቸው ጋር ይደራረባል። ዓሣ በመንጋ ስለሚዘዋወር ዛሬ የተጠበቀ ውሃ ነገ ባዶ ሊሆን ይችላል። ዶልፊን ደግሞ የማሽተት ስሜት የለውም ማለት ይቻላል፤ ቢኖረውም ምልክቱን ውሃው ይወስደዋል።

ጠያቂው
አመሰግናለሁ መምህር። ታዲያ የሚጣሉት ለምንድን ነው?

መልስ፦ አንባቢ ከካዛንቺስ
በአብዛኛው በሴት ነው። በምዕራብ አውስትራሊያ፣ ሻርክ ቤይ ውስጥ ወንዶቹ ሁለት ወይም ሦስት ሆነው ይተባበሩና አንዲት ሴት መሐል አድርገው አንዳንዴ ለሳምንታት ያጅቧታል፤ ሌላ ቡድን ሊነጥቃቸው ሲመጣ ደግሞ ወዳጅ ቡድኖቻቸው ይደርሱላቸዋል። የቡድኖቹ መዋያዎች እርስ በርስ ስለሚደራረቡ፣ የሚጠበቀው ሴቲቱ እንጂ ውሃው አይደለም። ሲያስፈራሩ መንጋጋቸውን በኃይል ያጋጫሉ፤ ሲነካከሱም ጥርሳቸው ቆዳ ላይ እንደ ማበጠሪያ ትይዩ ጭረት ይተዋል። በቪዲዮው ላይ ልጅዎ ጎናቸውን ልብ ብላ ብታይ ጭረቱን ልታገኘው ትችላለች።

መልስ፦ የባዮሎጂ መምህር፣ አራት ኪሎ
ትክክል ነው። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ለአንድ ቦታ ታማኝ መሆን ቦታውን ከመከላከል ይለያል። በቀይ ባሕር የግብፅ ጠረፍ፣ ሳማዳይ በተባለው የኮራል አለት ውስጥ ዶልፊኖች ሌሊት ጥልቅ ባሕር ላይ አድነው ቀን ለማረፍ ይገባሉ። እዚያ ጎብኚዎች እንዳያውኳቸው የዋና ክልሉን ለይተው ያጠሩላቸው ሰዎች ናቸው።