የ9ኛ ቢ እና የ9ኛ ዲ ሒሳብ መምህር ተቀያይሮ ገብቷል፤ ፕሮግራሙን ሳላፈርስ ማስተካከል ይቻላል?

ፕሮግራም አውጪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፕሮግራም የምናወጣው ፌት በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ነው። ተለጥፎ ትምህርት ከተጀመረ በኋላ የሁለት ሴክሽን የሒሳብ መምህራን ስም ተለዋውጦ መግባቱ ታወቀ። ሁለቱም ክፍል በሳምንት 5 የሒሳብ ፔሬድ ስላለው የማንም ሎድ (የሳምንት ፔሬድ ብዛት) አልተዛባም፣ ለዚህ ነው ቀድሞ ያልታየው። ስሙን አስተካክዬ እንደገና ጀነሬት ባደርግ (ፌት ፕሮግራሙን እንደ አዲስ እንዲያወጣ ባዘው) የሁሉም ክፍል ፕሮግራም ይገለባበጣል። መምህራኑ ደግሞ የከሰዓት ሥራቸውን በዚሁ አመቻችተዋል፣ እነሱን ማስቸገር አልፈልግም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የአይሲቲ መምህር፦
ፕሮግራሙን ኤክሴል ላይ አድርገህ ስሙን ቀይርና ፕሪንት አድርግና ለጥፍ፣ በቃ።

ዩኒት ሊደር፦
ወንድሜ፣ እሱን እንዳታደርግ። የክፍሉን ፕሮግራም ስታየው ምንም ችግር የለውም፣ ግጭቱ የሚታየው የመምህሩ ፕሮግራም ላይ ነው። ወደ 9ኛ ዲ የሚዛወረው መምህር በዚያው ሰዓት 10ኛ ክፍል ሊኖረው ይችላል፣ ያኔ አንዱ ክፍል ያለ መምህር ይቀመጣል።

መጀመሪያ ፌት ውጤቱን ያስቀመጠበትን ፎልደር ሌላ ቦታ ኮፒ አድርግ፣ እንደገና ጀነሬት ስታደርግ በላዩ ይጽፍበታል። ውስጡ ስሙ በ«ዳታ ኤንድ ታይምቴብል» የሚያልቅ ፋይል አለ። እሱን ክፈት። እያንዳንዱ ፔሬድ በቀኑና በሰዓቱ ተቆልፎ ታገኘዋለህ። አክቲቪቲ (የትኛው መምህር ለየትኛው ክፍል ምን እንደሚያስተምር የሚመዘገብበት) ውስጥ ገብተህ የመምህራኑን ስም ብቻ ቀይር። አታጥፋ፣ አጥፍተህ አዲስ ከፈጠርክ ቁልፉም አብሮ ይሄዳል።

ከዚያ የሁለቱን መምህራን ፕሮግራም ጎን ለጎን አድርገህ የሚጋጨውን ፔሬድ ፈልግ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው የሒሳቡን ፔሬድ ቁልፍ ብቻ ፈትቶ ጀነሬት ማድረጉ ነው። ክፍሉ ሳምንቱን ሙሉ የተያዘ ከሆነ ሒሳብ የሚሄድበት ቦታ ስለማያገኝ ፌት አይቻልም ይልሃል። ከዚያው ክፍል የአንድ ሌላ ትምህርት ፔሬድም አብረህ ፍታ፣ መምህሩ በሒሳቡ ሰዓት፣ የሒሳብ መምህሩም በዚያ ትምህርት ሰዓት ነፃ የሆኑበትን። ሁለቱ ቦታ ይቀያየራሉ፣ ሌላው ንቅንቅ አይልም።

ሬጅስትራር፦
የውጤት መመዝገቢያውንም እንዳትረሱ፣ በጣም አደራ! የመጀመሪያው ፈተና ማርክ በተሳሳተው መምህር ስም ከገባ የመምህሩን ምደባ ዲሊት አታድርጉ። አንዳንድ ሲስተም ላይ ማርኩም አብሮ ይጠፋል፣ የሚጎዳው ተማሪው ነው። ማርክ ሊስቱን ፕሪንት አድርጋችሁ ያዙ፣ ከዚያ የመምህሩን ስም ብቻ ቀይሩ።

ፕሮግራም አውጪ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሠራልኝ! የተጋጨው ሰኞ 3ኛ እና ሐሙስ 6ኛ ፔሬድ ብቻ ነበር። የሰኞውን ከአማርኛ፣ የሐሙሱን ከጂኦግራፊ ጋር አቀያየርኩ። የሌላ ክፍል ፕሮግራም አልተነካም። ለአራቱም መምህራን ደውዬ ነግሬያለሁ፣ ማርክ ሊስቱን ነገ ጠዋት ከሬጅስትራራችን ጋር እናየዋለን።