ጥቆማ፦ ልጆችን አረብኛ ለማስተማር የትኛው የክፍል ጨዋታ ይሻላል?

ጀማሪዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከ7 እስከ 9 ዓመት የሆናቸው 30 ልጆችን አረብኛ ላስተምር ነው። በሳምንት ሁለት ቀን፣ በቀን አንድ ሰዓት። ፊደሉን ገና እየለዩ ናቸው። ሦስት ነገር አስቤ መምረጥ አቃተኝ፤ የሥዕል ካርድ፣ የእንጨት ፊደል ፐዝል እና ካሁት (ልጆች በስልክ ባለ ቀለም ምርጫ እየነኩ የሚመልሱበት የጥያቄ ጨዋታ)። ልጆቹ ስልክ የላቸውም። የሞከራችሁት ብቻ ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

የካሁት ደጋፊ፦ ካሁት። ሌላው ጊዜ ማባከን ነው።

ጀማሪዋ፦ ስልክ የላቸውም ብያለሁ እኮ።

የካሁት ደጋፊ፦ በቡድን ይጫወቱ። ቀይ ሦስት ማዕዘን፣ ሰማያዊ ዳይመንድ፣ ቢጫ ክብ፣ አረንጓዴ ካሬ። ማንበብ የማይችል ልጅም በቀለሙ ይመልሳል።

ጠመኔ፦ በቀለም ከመለሰማ አረብኛው ምን ሊሠራ መጣ?

ተቃጠልኩ፦ እህቴ፣ ፐዝሉን ተዪው። እኔ ጉድ ሆኛለሁ። ለልጄ ክፍል ብዬ 24 ቃል ያለው ሳጥን ገዛሁ። የአምራቹን ስም አልጠራም። ሥዕሉ ያምራል፣ እንጨቱም ጠንካራ ነው። ልጆቹ ገጣጥመው ሲጨርሱ አስተማሪዋ ዝም ብላ አየችውና ሳቀች። ቃላቱ በሙሉ ከግራ ወደ ቀኝ ተጽፈዋል! ያውም ፊደሎቹ ተነጣጥለው። አረብኛ በማይደግፍ ፕሮግራም ጽፈውት ነው አሉኝ። ከ24ቱ የተረፈው «ባብ» ብቻ ነው። በር ማለት ነው። ባ፣ አሊፍ፣ ባ ስለሆነ ከየትም ብትጀምረው ያው ነው። እሱም ቢሆን አልተያያዘም።

ቀይ እስክሪብቶ፦ ወይኔ! ገንዘብህን መለሱልህ?

ተቃጠልኩ፦ «ለግድግዳ ማስዋቢያም ይሆናል» አሉኝ።

ሰነፍ ተማሪ፦ እኔ እንደዚያ የተገለበጠ አረብኛ ክንዱ ላይ ያስነቀሰ ሰው አውቃለሁ። ያንተ ይሻላል፣ ቢያንስ ይጣላል።

ቀይ እስክሪብቶ፦ ትርጉሙ ምንድን ነው ይላል?

ሰነፍ ተማሪ፦ «ትዕግሥት» ይላል። እኛም ታግሰን ዝም ብለናል።

የማታ ተማሪ፦ ከርእሱ ወጣሁ እንዳትሉኝ እንጂ፣ ለአዋቂ የትኛው አፕ ይሻላል? ደግሞስ ፉስሓውን (መደበኛውን የመጽሐፍ አረብኛ) ነው ወይስ የግብፁን መማር ያለብኝ?

ሰነፍ ተማሪ፦ ዱኦሊንጎ ከ2019 ጀምሮ አረብኛ አለው፤ ግን መነሻው እንግሊዝኛ ነው። ለብቻህ ለመለማመድ ጥሩ ነው። የግብፁ ደግሞ ለጆሯችን ይቀርባል። ፉስሓው «ጀመል» የሚለውን እነሱ «ገመል» ይሉታል። ግመል ማለት እኮ ነው!

ቀይ እስክሪብቶ፦ በአንድ ግመል ቋንቋ አይመረጥም። መጽሐፍ ላነብ ካልክ ፉስሓ ተማር።

ሰነፍ ተማሪ፦ መጽሐፍ ላነብ መቼ አለ?

ጀማሪዋ፦ ኧረ ልጆቹስ?

ነቁጥ፦ እሺ፣ ወደ ጥያቄው እንመለስ። ለእኔ ከሦስቱም በላይ የሠራልኝ ልጆቹን ራሳቸውን ፊደል ማድረግ ነው። 28ቱን ፊደላት በትልልቅ ወረቀት ጽፈሽ አድያቸው። የሚደጋገም ፊደል ካለ ሁለት ሁለት አድርጊው። አንድ ቃል ትጠሪያለሽ፤ ፊደላቱን የያዙት ይወጡና ይሰለፋሉ። የመጀመሪያው ፊደል በሚያነበው ሰው ቀኝ ይቆማል። ልብ በይ፣ ልጆቹ ፊታቸውን ወደ ክፍሉ ካዞሩ የእናንተ ቀኝ ለእነሱ ግራ ነው። የመጀመሪያ ቀን ይህንን ረስቼ እኔም የተቃጠልኩን ፐዝል ሠርቻለሁ።

ከተሰለፉ በኋላ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፤ ፊደሉ ተያይዞ ስለሚጻፍ። አሊፍ፣ ዳል፣ ዛል፣ ራ፣ ዛይ እና ዋው ግን ከፊታቸው ያለውን ይይዛሉ እንጂ የሚከተላቸውን አይዙም። ልጆቼ «እጅ የማይሰጡት ስድስቱ» ብለው ስም አወጡላቸው። መጽሐፍ ላይ ሳስረዳ ሁለት ሳምንት የፈጀብኝ ነገር ነው። ራ የያዘው ልጅ እጁን ከኋላው ደብቆ ሲቆም ሁሉም አንዴ ገባቸው።

ነጥቡን ደግሞ በቆርኪ ነው የማስተምረው። መሬት ላይ በጠመኔ ያንን ጀልባ የመሰለ ቅርጽ ትስያለሽ። አንድ ቆርኪ ከታች ከሆነ ባ፣ ሁለት ከላይ ታ፣ ሦስት ከላይ ሣ ነው። ትጠሪያለሽ፣ ሮጠው ያስቀምጣሉ። ካርዱንም አትጣይው፤ ግን አትግዢው፣ እነሱው ይሳሉት።

የካሁት ደጋፊ፦ ይሄን ሁሉ ካሁት ላይ መሥራት ይቻላል።

ጠመኔ፦ ቆርኪውንም?

ነቁጥ፦ የግድ በቴክኖሎጂ ይሁን ካላችሁ ፕሊከርስ ይሻላታል። ስልክ የሚያስፈልገው ለአስተማሪዋ ብቻ ነው። ልጆቹ የታተመ ካርድ ያነሳሉ፤ ካርዱን ያዞሩበት አቅጣጫ መልሳቸው ነው። እሷ በካሜራዋ ታነበዋለች።

የካሁት ደጋፊ፦ ሙዚቃ አለው?

ነቁጥ፦ የለውም መሰለኝ።

የካሁት ደጋፊ፦ በቃ።

ቀይ እስክሪብቶ፦ ቁጥር ስታስተምሪ ተጠንቀቂ። «አርበዓ» 4 ነው፣ «ኸምሳ» 5፣ «ሰብዓ» 7፣ «ሰማኒያ» 8። አማርኛ የለመደ ጆሮ ሁሉንም በአሥር ያበዛቸዋል። ቁጥር ጠርቼ በዚያ ልክ የሚቧደኑበትን ጨዋታ አጫወትኳቸው። «ሰማኒያ!» ስል አንዱ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ እኛ እኮ 30 ነን» አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን 8ን የሚረሳ የለም።

ትእዛዝ ደግሞ በተቃራኒው ቀላል ነው። «ቁም» በአረብኛም ቁም ነው። ለሴት «ቁሚ»፣ ለብዙ «ቁሙ»። «ኢስማዕ» ስማ ነው። የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ በእነዚህ ጀምሪው። ቋንቋው ከአገሩ ልጅ ጋር እንደሚዛመድ ሲያውቁ ፍርሃታቸው ይለቃቸዋል። ቤት «በይት»፣ ዓይን «ዐይን»፣ ደም «ደም» ነው። የጥንድ ካርድ ጨዋታውንም በእነዚህ ብትጀምሪ አይከብዳቸውም።

ጠመኔ፦ ሁሉም ዘመድ አይደለም ግን። «ቀልብ» ልብ ነው፣ «ከልብ» ውሻ ነው። ልጆቹን «ከልብ አመሰግናለሁ» ብለሽ አስቢው።

ሰነፍ ተማሪ፦ ይሄኛውን ለፕሮፋይሌ ወስጃለሁ።

ጠመኔ፦ ቀልዱን ትቼ አንድ ነገር ልጨምር። ለእኔ ልጆች የከበዳቸው ድምፁ ነበር እንጂ ፊደሉ አልነበረም። ሀ፣ ሐ እና ኀ በአማርኛ አንድ ሆነዋል፤ አረብኛ ላይ ሦስቱም ለየብቻ ናቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሐን ሲሰሙ ቀኝ እጅ፣ ሀን ሲሰሙ ግራ እጅ ያነሳሉ። መጀመሪያ ቀን ግማሹ ክፍል ይሳሳታል፤ አትደንግጪ። ዓይናቸውን ያስጨፈንኩት አንዱ የሌላውን እጅ አይቶ ስለሚገለብጥ ነው። ቀ ላይ ግን ብዙም አትድከሚ። ከከ ለይተው ይሰሙታል፣ የሚቀረው አወጣጡ ነው።

ቀይ እስክሪብቶ፦ ጠመኔ ታሞ ነው እንዴ ዛሬ?

ጀማሪዋ፦ ሁላችሁንም በጣም አመሰግናለሁ (ከልብ አላልኩም)። የእጁ ጨዋታ ላይ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ 28 ፊደል ነው፣ ልጆቹ 30 ናቸው። ሁለቱ ምን ይሁኑ?

ነቁጥ፦ አንዱን ሸዳ (የማጥበቂያ ምልክቱን) አድርጊው። ፊደሉ የሚጠብቅበት ቃል ሲመጣ ሮጦ ይሄድና ከፊደሉ ጀርባ ቆሞ ትከሻውን ይይዘዋል። ሁለተኛው አንባቢ ይሁን። ሲሳሳቱ ቦታቸውን የሚያስተካክለው እሱ ነው። አንባቢነት ላይ ይጣላሉ፣ በተራ አድርጊው።

የማታ ተማሪ፦ እና ፉስሓ ይሻላል ማለት ነው?

ተቃጠልኩ፦ የጠማማው ፐዝል ባለቤት ነኝ። ሳጥኑን ልጥለው ስል ይህንን ሁሉ አነበብኩና ለአስተማሪዋ መልሼ ወሰድኩላት። «ስህተቱን ፈልጉ» የሚል ጨዋታ አደረገችው። ልጆቹ የተገለበጠውን ቃል እያዩ ደብተራቸው ላይ አቃንተውና አያይዘው ይጽፉታል። ቀድሞ 23ቱን ያቃና ቡድን ያሸንፋል።

ቀይ እስክሪብቶ፦ 24 አልነበረም?

ተቃጠልኩ፦ «ባብ»ን ማያያዝ ብቻ ስለሆነ በነፃ ሰጠቻቸው።

የካሁት ደጋፊ፦ ይሄ እኮ ካሁት ላይ በአምስት ደቂቃ የሚሠራ ነገር ነው።