እግሬን ሚስማር ወጋኝ፣ አሁን ብሽሽቴ ላይ ንፍፊት ወጣ

ጠያቂ፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። እግሬን ሚስማር ወግቶኝ ነበር። ቁስሉ መግል ይዟል። ብሽሽቴ ላይ ደግሞ ሲነኩት የሚያም ንፍፊት ወጣ። መርዙ ወደ ላይ እየወጣ ነው? ባሸው ይበተናል? ከድሮ የተረፈ አሞክሳሲሊን ቤት አለ፣ ልዋጠው?

ባለ ሳሙና፦ በሳሙናና በንጹህ ውሃ እጠበው።

መምህሩ፦ ከመሠረቱ እንነሳ። ቆዳህ ደህና ቢሆን ኖሮ አብዛኛው ጀርም አይገባም ነበር። ሚስማሩ ሲበሳው ባክቴሪያ ገባ። ማክሮፋጅ የሚባሉ ሴሎች እዚያው ይውጡታል፣ የኬሚካል ምልክትም ይለቃሉ። የደም ሥሮች ይሰፋሉ። ቦታው የሚቀላውና የሚሞቀው ለዚህ ነው። በሰዓታት ውስጥ ኒውትሮፊል የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች ይጎርፋሉ። መግል የምትለው በአብዛኛው የእነሱ ሬሳ ነው።

ተረበኛው፦ ሰውዬው እያነከሰ ነው፣ አንተ ክፍል ገባህ። ፈተናው መቼ ነው?

መምህሩ፦ ልጨርስ እንጂ! ከቁስሉ አካባቢ የሚመጣው ፈሳሽ በሊምፍ ቱቦ ብሽሽት ወዳሉት እጢዎች ይሄዳል። ቲ እና ቢ የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች እዚያ ይጠብቃሉ። ለዚያ ጀርም የሚገጥሙት ጥቂቶቹ ይነቁና ይባዛሉ፣ እጢው ያብጣል። ንፍፊት የምትለው ይህን ነው። ጀርሙ አዲስ ከሆነ አንቲቦዲ፣ ማለትም ጀርሙ ላይ የሚጣበቅ መከላከያ ፕሮቲን፣ እስኪመረት ቀናት ይፈጃል። ዳግም ሲመጣ ግን የሚያስታውሱት ሴሎች ስላሉ ይፈጥናል።

እኔ ግን፦ ጥያቄው ራሱ ልክ አይደለም። ንፍፊት በሽታ አይደለም፣ ሥራ ላይ ያለ እጢ ነው። ተወው፣ ሰውነትህ ይጨርሰዋል።

ነርሷ፦ ኧረ ተወው አትበሉት! እጢው ሠራ ማለት አሸነፈ ማለት አይደለም። ወንድሜ፣ ዋናውን አልነገርከንም። መቼ ነው የወጋህ? ከቁስሉ ወደ ላይ የሚሄድ ቀይ መስመር አለ? ትኩሳት ወይ ብርድ ብርድ ማለት? ስኳር አለብህ? አንዱ ካለ ዛሬውኑ፣ ማታም ቢሆን ሂድ። ባይኖርም መግል ስለያዘ ሐኪም ይየው፣ ሚስማር ሲወጋ ጥልቅ ነው። ንፍፊቱን አትሸው። አሞክሳሲሊኑንም ተወው። የተረፈ መድኃኒት መጠኑም አይሞላም፣ ለዚህ ባክቴሪያ ላይሠራም ይችላል። የቴታነስ ክትባትስ?

ባለ ሳሙና፦ በሳሙና ታጠበ?

ጠያቂ፦ ታጥቤያለሁ! ክትባት ልጅ ሆኜ ወስጃለሁ፣ አይበቃም? ደሞ ንፍፊቱ እየተከላከለልኝ ነው አላችሁ።

ነርሷ፦ አይበቃም። ለቆሸሸ ቁስል የመጨረሻው ክትባት 5 ዓመት ካለፈው ይደገማል። መንጋጋ ቆልፍን ንፍፊት አያቆመውም። የቴታነስ መርዝ በጣም ጥቂቱ ስለሚበቃው፣ ሰውነት አውቆት መከላከያ ለመሥራት እንኳ አይደርስም። ታሞ የዳነ ሰውም የሚከተበው ለዚህ ነው። ቀይ መስመሩስ?

ጠያቂ፦ ቆይ መብራት አብርቼ ልየው።

ተረበኛው፦ መብራት ጠፋ እንዴ?

ነርሷ፦ ጠያቂ፣ አለህ? መስመር ካየህ እዚህ አትጻፍ፣ ሂድ።

ባለ ሳሙና፦ እስከዚያው እግርህን ከፍ አድርገህ አስቀምጥ። ሳሙናውን ብዬ ጨርሻለሁ።